ከመፍቻው በፊት ጭሱን፦ አልነሳ ያለ የከባድ መኪና ሞተር እንዴት ይመረመራል?

ለከባድ መኪና ሹፌሮች፣ ለረዳቶችና ለጋራዥ ሠልጣኞች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ፤ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ማታ በደህና የቆመ የጭነት መኪና ጠዋት ቁልፍ ሲዞር አልነሳ ይላል። ጭነቱ ላዩ ላይ ነው፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሷል፣ ስልኩ ይጮሃል። በዚህ ሰዓት እጅ ቶሎ ወደ መፍቻ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚፈታው የናፍጣ ፓምፑ ነው። ፓምፑ ወርዶ ለሙከራ ይላካል፣ ኖዝል (የናፍጣ መርጫ አፍ) ይቀየራል፣ ሁሉም ተመልሶ ይገጠማል፤ መኪናው ግን አሁንም አይነሳም። ለካ ጥፋቱ የላላ የቱቦ ማሰሪያ ኖሯል። ደህና የነበረው ፓምፕ ደግሞ በመፈታቱ አቀጣጠሉ (ናፍጣ የሚረጭበት ሰዓት) ተዛብቶ ሁለተኛ ብልሽት ተጨምሯል። ስለዚህ ዛሬ ደጋግመን የምንለምናችሁ ነገር ቢኖር፣ አንድም ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ረዳቱን ጭስ ማውጫው ጋ አቁሙት።

የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ተጨምቆ የጋለ አየር ነው። ስለዚህ ለመነሳት የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ በበቂ ፍጥነት መዞር፣ ንጹሕ አየር፣ ያንን አየር ይዞ የሚጨምቅ ሲሊንደር፣ በልኩና በሰዓቱ የሚረጭ ናፍጣ። የቤንዚን መኪና የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በናፍጣ ሞተር ላይ የዙር ፍጥነት የሙቀት ጉዳይ ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ከዞረ የተጨመቀው አየር በፋሻዎቹ (በፒስተን ቀለበቶቹ) በኩል ለማምለጥና ሙቀቱን ለቀዝቃዛው ብረት ለመስጠት ጊዜ ያገኛል፤ ያኔ ናፍጣው ቢደርስም አይነድም።

ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ስጡ። የናፍጣ መለኪያውን አትመኑ፤ ታንኩን ከፍታችሁ በንጹሕ ዘንግ ለኩ። የሞተር ዘይቱን ዱላ አውጥታችሁ እዩ፣ የራዲያተሩንም ውኃ እዩ። ውኃው በአንድ ሌሊት ቀንሶ ካገኛችሁት፣ ወይም ዘይቱ ከፍ ብሎ ወተት መስሎ ካገኛችሁት ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) እንዳትነኩ። ውኃው በቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ማሸጊያ) በኩል ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ውኃ ደግሞ አይጨመቅም። በግድ ስታዞሩት የሚጎብጠው የፒስተን ዘንጉ ነው። እንዲህ ሲጠረጠር ኢንጄክተሮቹ (ናፍጣ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት) ይወጡና ሞተሩ በእጅ፣ በኮሎው (በዋናው የሞተር ዘንግ) ቡሎን፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። ውኃ ካለ በኢንጄክተሩ ቀዳዳ ይወጣል። መኪናው ጎርፍ ውስጥ ካለፈም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ፤ ሞተሩ አይዞርም ወይስ ዞሮ ነው የማይነሳው? «አልነሳም» የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍን ስልክ ደውላችሁ መካኒክ ስታማክሩ ይህንን ለይታችሁ ንገሩት፤ ግማሹን መንገድ ያሳጥርለታል።

ባትሪ እንለካ። አብዛኞቹ ከባድ መኪኖቻችን 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ይታሰራሉ። ሁለቱን በአንድ ላይ መለካት ያታልላል፤ ለየብቻ ለኩ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ የሚያሳይ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ያህል ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ሊባል ይችላል። ዋናው ፈተና ግን ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ነው፤ እያንዳንዱ ባትሪ ከ9.6 ቮልት፣ ሁለቱ በአንድ ላይ ከ19 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። አንዱ 11 ላይ ቆሞ ሌላው 8 ከገባ ደካማውን አገኛችሁት።

ለምን አንዱ ብቻ ይደክማል? በአገራችን መኪኖች ላይ አንድ የተለመደ ምክንያት አለ። ባለ 12 ቮልት ቴፕ፣ አምፖል ወይም ስልክ መሙያ ሲገጠም ገመዱ ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል ይሳባል። አንደኛው ባትሪ ቀን ከሌት ብቻውን ይሸከማል፤ ዲናሞው ግን ሁለቱንም እንደ እኩል አድርጎ ይሞላል። ደካማው ሙሉ ሳይሞላ ይቀራል፣ ጠንካራው ከልክ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይጠፋሉ። መፍትሔው 24ን ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ማስገጠም ነው። ባትሪ ስትቀይሩም ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ አንድ ዓይነት አምፔር አድርጉ፤ አሮጌና አዲስ ማጋባት ገንዘብ መጣል ነው።

ባትሪዎቹ ደህና ሆነው ሞተሪኖው ከደከመ ጥፋቱ በመንገዱ ላይ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ (በሞርሴቶው፣ ማለትም በኬብሉ ማሰሪያ ላይ ሳይሆን፣ በራሱ በእርሳሱ ላይ)፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ያስነሳ። የሚነበበው በመንገድ የጠፋው ቮልት ነው፤ በ24 ቮልት መኪና ከ1 ቮልት በላይ ከሆነ ኬብሉ ወይም ማሰሪያው ታሟል። ከዚያ ከባትሪው ኔጋቲቭ ራስ እስከ ሞተሩ ብረት ለኩ፤ እዚህ ከግማሽ ቮልት በላይ መሆን የለበትም። ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ለዓይን የማይታይ ዝገት በቂ ነው። 500 አምፔር በ2 ሺህኛ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 1 ቮልት ይጠፋል፤ ሞርሴቶ ላይ ያለ ነጭ ዱቄት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ፍሪሲዮን ወይም ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ወርዶ ከተገጠመ በኋላ የመጣ ድካም ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ወደ ማሳው (ወደ ኔጋቲቩ መመለሻ መስመር) ሂዱ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ገመድ ሳይታሰር ይረሳል። ምልክቱም አለው፦ ማሳ ያጣ ኤሌክትሪክ ሌላ መንገድ ስለሚፈልግ የነዳጅ መርገጫው ወይም የማጥፊያው የብረት ገመድ ሲነካ ይሞቃል።

ሞተሪኖው ምንም ድምፅ ካላሰማ ባትሪ ከመጠርጠራችሁ በፊት ማርሹ ፍሪ (ያልገባ) መሆኑን፣ የፍሪሲዮን መርገጫው ማብሪያ መሥራቱን፣ ፊውዝና ሬሌውን እዩ። «ቀጭ» ብሎ አንዴ ከቆመ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (ኤሌክትሪክ ሲደርሰው የሚስብ ማግኔት) ውስጣዊ ነካኪዎች ተበልተዋል ወይም ኤሌክትሪኩ አነሰ። «ቀጭቀጭቀጭ» ካለ ባትሪው ደክሟል። እያፏጨ ብቻውን ከዞረ ጥርሱ ፍላይዊሉን (በሞተሩ ጫፍ ያለውን ትልቅ ጥርሳም ክብ ብረት) አልያዘም።

ፍጥነቱን ያለ መሣሪያ በጆሮ መገመት ይቻላል። ሞተሩ ለመነሳት በደቂቃ 150 ዙር ያህል ይፈልጋል። በዚህ ፍጥነት ባለ 4 ሲሊንደሩ አይሱዙ በሰከንድ 5 ጊዜ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ ሲኖትራክ በሰከንድ 7 ጊዜ ከግማሽ ይጨምቃል። ምቱን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያላችሁ በዝግታ መቁጠር ከቻላችሁ ሞተሩ ቀርፋፋ ነው፤ ወደ ናፍጣው አትለፉ። ሞተሪኖውንም አትግደሉት፤ አንድ ሙከራ ከ15 ሰከንድ አይብለጥ፣ በየመካከሉ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይረፍ።

በደንብ ይዞራል፣ አይነሳም እንበል። አሁን ረዳቱ ጭስ ማውጫው ጋ ይቁም፤ 10 ሰከንድ አዙሩና ያየውን ይናገር።

ምንም ጭስ ከሌለ ናፍጣ ሲሊንደር አልደረሰም። ነጭ ጭስ ወጥቶ ዓይን ካቃጠለና ጥሬ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልነደደም። ነጩ ጭስ የጣፈጠ ሽታ ካለው የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ያለፈውን የውኃ ጉዳይ አስታውሱ። ጥቁር ከሆነ አየር ታፍኗል። ከጭስ ማውጫው ትንፋሹ ራሱ ደካማ ከሆነ ደግሞ ከአየር ፊልትሮው በተጨማሪ የጭስ ፍሬኑን ክዳን እዩ። ያ ክዳን በጥላሸት ተጣብቆ ተዘግቶ ሲቀር ሞተሩ መተንፈስ አይችልም። ሰው ኖዝል ሲቀይር ይውላል፤ ክዳኑ ግን በእጅ ሲገፋ የሚከፈት ነው።

ይህ አንድ ምልከታ ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ጭስ የለም ካላችሁ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን የመጭመቅ ግፊት) አትለኩ፤ ነጭ ጭስ አለ ካላችሁ የታንኩን ቱቦ አትፍቱ።

ጭስ ከሌለበት እንጀምር፤ መጀመሪያ ወደ ማጥፊያው። በቀድሞው የመስመር ፓምፕ (ለእያንዳንዱ ሲሊንደር በየራሱ ቱቦ ናፍጣ የሚገፋው) ላይ ሞተሩ የሚጠፋው ፓምፑ ላይ ያለ ክንድ ናፍጣ ሲዘጋ ነው፤ ክንዱን የሚስበው እንደ መኪናው ገመድ፣ ሶሌኖይድ ወይም በአየር የሚሠራ ትንሽ ሲሊንደር ነው። ማታ ሞተሩን ያጠፋው ክንድ ጠዋት ካልተመለሰ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሞተሩ አይነሳም። ክንዱን በእጃችሁ ወደ መሥሪያው ቦታ መልሱና ሞክሩ። ሶሌኖይድ ካለው ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ማለት አለበት፤ ካላለ ሽቦው ላይ 24 ቮልት መድረሱን ለኩ። ቮልት ደርሶ ዝም ካለ ሶሌኖይዱ ሞቷል፤ ቮልት ካልደረሰ ፊውዙንና ሽቦውን እዩ። ይህ የ2 ደቂቃ ሥራ ስለሆነ ከሁሉ ይቅደም።

ቀጥሎ ታንኩ። ክዳኑን ስትከፍቱ «ፍስስ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከገባ የክዳኑ መተንፈሻ ተዘግቷል፤ ሞተሩ ናፍጣውን ከባዶ እየሳበ ነው። ከሥር ያለው ወንፊትም በጨርቅ ቁራጭ ወይም በፌስታል ይደፈናል፤ በጀሪካንና በበርሜል ናፍጣ የሚቀዳበት መንገድ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ከውኃ መለያው ሥር ግማሽ ሊትር ያህል በሚያሳይ ጠርሙስ ቅዱና 10 ደቂቃ አስቀምጡት። ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል ውኃው ታች ይለያል። ቤንዚን ተሳስቶ ገብቶ ከሆነ ሽታው ይነግራችኋል፤ ያኔ በተለይ ኮመን ሬል መኪና ላይ (ናፍጣው «ሬል» በሚባል የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ተይዞ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭበት) ቁልፉን እንኳ አትክፈቱ፣ ታንኩ ይራገፍ። ፓምፑ የሚለሰልሰው በናፍጣው ራሱ ነውና ቤንዚን ብረቱን በብረት ያስበላዋል።

አሁን አየር። በዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ጭስ የሌለው «አልነሳም» ከሌላው ሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ከታንኩ እስከ አቅራቢው ፓምፕ ያለው መንገድ መሳቢያ ነው። ሞተሩ ሲሠራ በዚያ መንገድ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ሰው ደረቅ ቱቦ አይቶ «እዚህ አያፈስም» ብሎ ያልፋል፤ ጥፋቱ ግን እዚያው ነው። ሌሊት ደግሞ ናፍጣው በዚያች ቀዳዳ ምክንያት ወደ ታንኩ ይመለሳል፣ ጠዋት ፊልትሮው ባዶ ይሆናል። ምልክቶቹን ልብ በሉ፦ በእጅ ፓምፕ ከተሞላ በኋላ ይነሳና ይሠራል፣ አድሮ አልነሳ ይላል፤ ታንኩ ሙሉ ሲሆን ደህና ነው፣ ከግማሽ ሲወርድ ያስቸግራል፤ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ዳገት ላይ ካደረ ይብሳል።

ቦታውን ለማግኘት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን፣ ውስጡ የሚታይ ናፍጣ የሚችል ፕላስቲክ ቱቦ በፊልትሮውና በፓምፑ መካከል አስገቡ። በእጅ ስትገፉ ወይም ሞተሪኖ ሲያዞር አረፋ ካያችሁ አየር አለ። ከዚያ የመሳቢያውን ቱቦ ከታንኩ ፈትታችሁ በታንኩ ከፍታ የተቀመጠ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ክተቱ። አረፋው ከጠፋና ሞተሩ ከተነሳ ጥፋቱ ከታንኩ እስከዚያ ባለው መስመር ላይ ነው። ካልጠፋ ቱቦውን እያሳጠራችሁ ወደ ፊት ሂዱ። በጣም የሚጠረጠሩት የደረቀና የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ፣ የፊልትሮው ጎማ ቀለበት (አዲስ ሲገጠም አሮጌው ተጣብቆ ቀርቶ ሁለት ሲሆን ያፈስሳል)፣ የእጅ ፓምፑ የራሱ ጎማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመዳብ ሮንዴላዎቹ (ክብ ማሸጊያዎቹ) ናቸው። መዳብ አንዴ ተጨምቆ ከጠነከረ ሁለተኛ አያሽግም። አዲስ ካጣችሁ አሮጌውን እስኪቀላ አግላችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ይለሰልሳል።

አየሩን ማስወጣት በመስመር ፓምፕ ላይ እንዲህ ነው። ዙሪያውን በጨርቅ አጽዱ። የፊልትሮውን የአየር ማስወጫ ቡሎን አንድ ወይም ሁለት ዙር አላሉና የእጅ ፓምፑን ግፉ። ፊልትሮው ባዶ ከነበረ ከ50 ጊዜ በላይ መግፋት ሊያስፈልግ ይችላልና አትሰልቹ። አረፋ የሌለው ናፍጣ ሲወጣ እየገፋችሁ ሳለ አጥብቁት፤ እጅ አንስቶ ማጥበቅ አየሩን መልሶ ያስገባል። ከዚያ በናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለውን ማስወጫ እንዲሁ አድርጉ፣ የእጅ ፓምፑንም መልሳችሁ ቆልፉ። አሁንም ካልተነሳ በኢንጄክተሮቹ ላይ ያሉትን የቱቦ ዳዶዎች ግማሽ ዙር አላልታችሁ፣ ነዳጅ መርገጫውን ረግጣችሁ አዙሩ፤ ናፍጣ በምት በምት ሲተፋ አጥብቁ። የድሮው ፊያት 682 ሹፌሮች ይህን በጨለማ፣ በእጃቸው ዳሰሳ ብቻ ይሠሩት ነበር፤ ሊጠፋ የማይገባው እውቀት ነው።

ነገር ግን ይህን የመጨረሻውን እርምጃ በኮመን ሬል ሞተር ላይ ፈጽሞ አታድርጉት። እዚያ ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሞተሩ ሲሠራ ከ1,600 ባር ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ግፊት የሚወጣ የፀጉር ክር ያህል ናፍጣ ጓንትና ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ መርፌ የወጋው ይመስላል፣ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ነው፤ ውስጡ ግን ይሞታል። እንዲህ የደረሰበት ሰው ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፣ ለሐኪሙም በግፊት የገባ ናፍጣ መሆኑን ይንገር፤ መዘግየት ጣት ወይም እጅ ያሳጣል። በኮመን ሬል ላይ አየር የሚወጣው በዝቅተኛው ግፊት በኩል፣ በፊልትሮው ብቻ ነው። አዲስ ፊልትሮም ከጀሪካን ሞልታችሁ አትግጠሙ፤ ያልተጣራ ናፍጣ ወደ ንጹሑ ወገን ይገባል። ባዶውን ገጥማችሁ በእጅ ፓምፕ ሙሉት።

ኮመን ሬል ያላቸው፣ ለምሳሌ 4 ኤችኬ 1 ሞተር ያለው አይሱዙ ወይም አዲሶቹ ሲኖዎች፣ ጭስ ሳይኖር ሲዞሩ ጥያቄው የሬሉ ግፊት ነው። ኮምፒውተሩ ኢንጄክተሮቹን ለመክፈት በአብዛኛው ከ200 ባር በላይ ማየት አለበት። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካላችሁ ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ቁጥሩን አንብቡ። ከሚያሳያቸው የብልሽት ኮዶች ፒ0087 የሬል ግፊት ማነስን፣ ፒ0335 የኮሎውን ሴንሰር ያመለክታሉ። ስካነር ከሌለ የዙር መለኪያውን መርፌ እዩ፤ ሞተሩ እየዞረ መርፌው ንቅንቅ ካላለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ መዞሩን አያውቅም ማለት ነው፤ ያኔ የኮሎውን ሴንሰርና ሽቦውን መርምሩ። በቦሽ ሥርዓት ላይ ያለው ባለ ጥቅል ሴንሰር 860 ኦም አካባቢ ያነባል። የሬሉ ግፊት ሴንሰርም ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይዞር እንደ አሠራሩ ከ0.5 እስከ 1 ቮልት ይሰጣል፤ 5 ቮልት ወይም ዜሮ ካሳየ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ተነካክቷል።

ግፊቱ ካልወጣ ናፍጣው የሚያመልጥበትን ፈልጉ። የእያንዳንዱን ኢንጄክተር መመለሻ በተለየ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ 15 ሰከንድ አዙሩ፤ እንደ ሞተሩ ግን መመለሻው በቴስታታው ውስጥ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ይህ አይሠራም። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ከሞላ ያ ኢንጄክተር ያፈስሳል፤ ስድስቱንም መቀየር አያስፈልግም። የሬሉ ጫፍ ላይ ያለውን የግፊት መገደቢያ መመለሻም ፍቱ፤ ደረቅ መሆን አለበት። ከእሱ ናፍጣ ከወረደ ጥፋተኛው እሱ ነው። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ይጠርጠር።

በመስመር ፓምፕ ላይም አንድ ነገር ይቀራል። በሲኖው ደብሊውዲ 615 ሞተር ላይ ፓምፑን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙ ቀጫጭን የብረት ዝርግ ሰሌዳዎች አሉ። እነሱ ሲሰበሩ ሞተሩ ይዞራል፣ ፓምፑ ይቆማል። አንድ ሰው ሲያዞር ሌላው በዓይኑ ይይ፤ መሣሪያ አይፈልግም።

ወደ ነጭ ጭሱ እንሻገር። ናፍጣ ደርሷል፣ አልነደደም። እዚህ ላይ የአገራችንን መልክዓ ምድር ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። አንድ መኪና ከጅቡቲ ወደብ ከባሕር ወለል ተነስቶ፣ በጋላፊና በሚሌ ቆላ አልፎ፣ በኮምቦልቻ ወጥቶ፣ ጣርማ በርን ከ3,000 ሜትር በላይ ተሻግሮ ደብረ ብርሃን ያድራል። ትናንት በ35 ዲግሪ ሙቀት በግማሽ ዙር የተነሳ ሞተር በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ በ2 ዲግሪ እንዲነሳ ይጠየቃል።

ቅዝቃዜው የሚወስደው ሙቀቱን ነው። አየሩ 17 እጥፍ ሲጨመቅ፣ ለብረቱ የሚሰጠው ሙቀት ታስቦለት፣ በ35 ዲግሪ የጀመረው 450 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በ2 ዲግሪ የጀመረው 370 ገደማ ላይ ይቀራል። በሌላ አነጋገር የመነሻው አየር 1 ዲግሪ ሲቀንስ መጨረሻው ከ2 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ባትሪው ይደክማል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ዙሩ ይዘገያል። ከፍታው ደግሞ የሚወስደው ግፊቱን ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ግፊት ሲያንስ ናፍጣው ለመቀጣጠል የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል። ስለዚህ ቆላ ላይ ተደብቆ የኖረ የፋሻ መበላት፣ የሞተ ካንዴሌታ (ለማስነሻ ሲሊንደሩን የሚያሞቅ መሰኪያ) ወይም የደከመ ባትሪ ደጋ ላይ ይጋለጣል። «ደብረ ብርሃን መኪናዬን አበላሸው» ሲባል እንሰማለን፤ ብልሽቱ ግን ከቆላ አብሮ የመጣ ነው።

ይህ ለኮምፕሬሽን መለኪያ ትልቅ ትርጉም አለው። በመጽሐፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ጅቡቲ ላይ 28 ባር የሚያነብ ጤነኛ ሲሊንደር አዲስ አበባ ላይ 21፣ ደብረ ብርሃን ላይ 20 አካባቢ ያነባል። ይህን ያላሰበ መካኒክ ደህና ሞተር «ፋሻው አልቋል» ብሎ ያወርዳል፤ ለባለ ንብረቱ ከባድ ኪሳራ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እመኑ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ3 ባር በላይ ከጎደለ እሱ ታሟል። ዝቅ ባለው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የማይሞላ ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከጨመረ ፋሻው፣ ካልጨመረ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው። ዘይቱን አታብዙ፤ እንደ ውኃ ሊያቆመው ይችላል። ሁሉም እኩል ዝቅ ካሉ መጀመሪያ የዙሩን ፍጥነት ተጠራጠሩ። የቫልቭ ክፍተት ጠብቦ ቫልቩ የማይዘጋ ከሆነም ኮምፕሬሽን ይጠፋል፤ በቀዝቃዛ ሞተር የአይሱዙ 4 ኤች ቤተሰብ ለሁለቱም 0.40 ሚሊ ሜትር፣ ደብሊውዲ 615 ለመሳቢያው 0.30 ለማስወጫው 0.40 ነው።

መለኪያ ከመግጠማችሁ በፊት ግን ካንዴሌታውን እዩ። ገመዱን ፈትታችሁ በቴስት አምፖል ከባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ካንዴሌታው ራስ ንኩ፤ አምፖሉ ካልበራ ተቃጥሏል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሞቱም፤ ሁሉም ካልሠሩ ሬሌውን ወይም ወፍራሙን ፊውዝ ፈልጉ። ፓምፕ ከወረደ በኋላ የመጣ ነጭ ጭስ ከሆነ ደግሞ አቀጣጠሉን መርምሩ። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ፓምፑ አንዴ ስለሚዞር ምልክቱ የገጠመ እየመሰለ በአንድ ሙሉ ዙር ስቶ ሊገጠም ይችላል፤ የመጀመሪያው ሲሊንደር ሁለቱ ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ላይ መሆኑን በቫልቮቹ አረጋግጡ።

ሦስት ነገሮችን እባካችሁ ተዉ። በአየር መሳቢያው ኤተር መርጨት፤ ካንዴሌታው ወይም ማሞቂያው ከጋለ ኤተሩ ያለ ጊዜው ይፈነዳል፣ ፋሻና ፒስተን ይሰብራል። ከታንክ ወይም ከዘይት ገንዳ ሥር እሳት ማንደድ፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴ አጠገብ ሲደረግማ ማሰቡም ያስፈራል። ምክንያቱ ሳይታወቅ በሌላ መኪና መጎተት፤ ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ካለ ሞተሪኖ ያልሰበረውን ዘንግ ጎታቹ ይሰብረዋል፣ ሞተሩ ካልሠራም የመሪና የፍሬኑ ኃይል አብሮ የለም። በደጋ ለሚያድር መኪና የሚረዳው ሌላ ነው፦ ለብርድ የሚሆን ቀጭን ዘይት፣ የተሞላ ባትሪ፣ የሚሠሩ ካንዴሌታዎች፣ ማታ ታንኩን ሞልቶ ማደር። ሙሉ ታንክ ውስጥ ጤዛ የሚሆን እርጥብ አየር የለም።

ሞተሩ ሲነሳ መርገጫውን አትርገጡ። የዘይት ግፊት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ አጥፉት። 10 ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፤ በዚያ ጊዜ የነካችሁትን ዳዶ፣ ሮንዴላና ቱቦ ሁሉ በደረቅ ካርቶን እየፈተሻችሁ እዩ፤ በእጃችሁ አትዳስሱ። ከዚያ አጥፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁና አንዴ እንደገና አስነሱት። በዚያ ሁለተኛ ማስነሻ ላይ ከዘገየ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አሁንም አልተገኘም፤ የሚታየውን ፕላስቲክ ቱቦ መልሳችሁ ግጠሙ።